ሰላምታ ያልተቆጠረበት ዕቅድ

ኡስቶ ናጅሚዲን ከጡብ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ሲያወራ ያየው የለም ይላሉ ቡኻራ ውስጥ። ትንሽ ተጋኗል፤ ግን ብዙም አልተጋነነም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የከተማዋን ጥንታዊ ሕንጻዎች ሲጠግን ኖሯል። የተፈረፈረውን ጡብ ነቅሎ በልኩ የተጠረበ ሌላ እየተካ፣ ከርብራብ ርብራብ ሲንጠላጠል አረጀ። ኡስቶ ማለት ሙያውን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ነውና ማዕረጉ ይገባዋል። እጁ ወርቅ ነው። አፉን ግን ተዉት። ማታ አቧራውን አራግፎ ይገባል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ "እሺ" ወይም "አይሆንም" ይላል፣ ይተኛል። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ "አይሆንም" የምትለዋም ቀርታ "እሺ" ብቻዋን ቀረች።

ሚስቱ ሙሐራም ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ክትባት ስትወጋ የኖረች ነርስ ናት። እሷም ጡረታ ወጥታለች። እንደ ባሏ አይደለችም፣ አፏ አያርፍም፤ የሚሰማት ስታጣ ከድስቱ ጋር ትጨቃጨቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ልጃቸው ድልራቦ ከዋና ከተማው ከታሽከንት ስልክ የደወለች ዕለት ነው። ከባሏ ጋር አፓርታማ ሊገዙ ነው። ሁለት አማራጭ አላቸው፤ ባለ ሦስት ክፍልና ባለ አራት ክፍል። እናትና አባቷ የቡኻራውን ቤት ትተው አብረዋት የሚኖሩ ከሆነ ባለ አራቱን ይገዛሉ፣ ካልሆነ ባለ ሦስቱ ይበቃቸዋል። ሻጩ እስከ እሑድ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሙሐራም ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ። እዚያ ቢያንስ የልጅ ድምፅ አለ፣ እኔ ደስ ይለኛል አለች። ናጅሚዲን ሻዩን እፍ እፍ እያለ ዝም አለ። ዝምታውን ሁሉም እንደ እሺታ ቆጠረው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር የሚቆጠረው።

እሱ ግን ለሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ከቡኻራ ወጥቶ የት ሊገባ? ታሽከንት አንድ ጡብ እንኳ አያውቀውም። ይህን ደግሞ ለሚስቱ ፊት ለፊት መናገር ለሱ ተራራ መግፋት ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሙሐራም ቡኻራ ተወልዳ ቡኻራ ያረጀች ሴት ናት፤ ግን ከተማዋን አይታት አታውቅም። ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ለራት ምን ልሥራ እያለች፣ በካሎን ሚናሬት፣ በዚያ ረጅም የመስጊድ ማማ ሥር ሺህ ጊዜ አልፋ ይሆናል። ቀና ብላ ያየችበት ቀን ግን የለም። ቱሪስት ነው እንጂ ቀና ብሎ የሚያየው፣ የከተማው ሰው መች ጊዜ አለው? አንድ ቀን ብቻ፣ ባግባቡ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ብርሃን ብታያት፣ ታሽከንት የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። እንዲህ አሰበ ኡስቶ ናጅሚዲን።

ከዚያማ እንዴት ያለ ዕቅድ መሰላችሁ። ለቤት የተገዛ የግድግዳ ወረቀት ትራፊ ነበረ፤ ጀርባውን ገልብጦ በዚያ በወፍራም የሥራ እርሳሱ ሰባት ቦታ ጻፈ። የሳማኒ መካነ መቃብር መጀመሪያ፤ ጡቦቹ እንደ ቅርጫት የተሸመኑ ስለሚመስሉ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ያላያቸው ግማሹን አላያቸውም። ስለዚህ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ቀጥሎ ቦሎ ሐውዝ መስጊድ፤ ሃያዎቹ የእንጨት ምሰሶዎች ኩሬው ውስጥ አርባ ሆነው የሚታዩት ነፋስ ሳይነሳ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት። ከዚያ የአርክ ምሽግ፣ ከዚያ ካሎን ሚናሬትና አጠገቡ ያለው መስጊድ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ የወርቅ አንጥረኞቹ ባለ ጉልላት ገበያ፣ ከዚያ ላቢ ሐውዝ ኩሬ ዳር ሻይ፣ በመጨረሻም ባለ አራት ሚናሬቱ ቾር ሚኖር፣ ልክ ፀሐይ ስትገባ። ከቾር ሚኖር ሥር አንድ ባዶ መስመር ተወ። "አልሄድም" የሚላት እዚያ ላይ ነው።

አራት ቀን ጎሕ ሲቀድ እየተነሣ መንገዱን ብቻውን ለካው። ስንት እርምጃ፣ ስንት ደቂቃ፣ የትኛው ግድግዳ በስንት ሰዓት ጥላ ይጥላል፣ የትኛው አግዳሚ ወንበር እግሩ ይወላገዳል፣ የትኛው መጸዳጃ ቤት ውኃ አለው። ለጉልበቱ ማሳረፊያ አሥር ደቂቃ መደበ። ሙሐራም "ደከመኝ" እያለች ለምትነጫነጭበት አምስት ደቂቃ። እሱ ራሱ በየቦታው ለሚሰጠው ማብራሪያ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ለሱ ንግግር ነው፤ ሠርግ ላይ እንኳ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

የድሮ የሥራ ጓደኛው ቶሊብ ሻይ ቤት ውስጥ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ከሙሐራም ጋር ነው የምትሄደው?"

"አዎ።"

"በእግር?"

"በእግር።"

ቶሊብ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለትና ሳቁን በሻይ ሲኒው ከለለ። ምን ያስቅሃል ቢለው ሌላ ሻይ አዘዘ።

እኔ ግን ልንገራችሁ። ናጅሚዲን ሰላምታን አልቆጠረም። ቡኻራ ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጤናን፣ ቤትን፣ ልጆችን፣ የልጅ ልጆችን፣ የታመመውን፣ የተዳረችውን በየተራ ይጠያየቃሉ፤ ለእያንዳንዱም ሙሉ መልስ አለው። አቋርጦ የሄደ ሰው ባለጌ ነው። ዕቅዱን ያወጣው የውጭ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሰዓት ይመድብለት ነበር። የቡኻራ ልጅ ግን ሰላምታን እንደ ትንፋሽ ነው የሚያየው፤ ትንፋሹን በሰዓት ለክቶ ዕቅድ ውስጥ የሚያስገባ ማን አለ? በዚያ ላይ እሱ ዕድሜውን የፈጀው ርብራብ ላይ ነው። አንገቱን አንጋጦ ሰማይ የተሰቀለ ሰው ሰላም የሚል የለም።

ዓርብ ዕለት ለሚስቱ ነገራት። "ነገ እንወጣለን" አላት።

"ወዴት?"

"ከተማ።"

ሙሐራም የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። "ማን ሞተ?" አለች ደንግጣ።

ማንም እንዳልሞተ ማሳመን ጊዜ ወሰደ። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ያለ ሠርግና ያለ ለቅሶ ወጥተው አያውቁማ። በመጨረሻ ስታምነው ግን ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ከሣጥን ያወጣችውን የሐር ቀሚስ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ በዕቅዱ መሠረት፣ የግቢያቸውን በር ዘጉ። እስከ መንገዱ ጥግ ሰባ እርምጃ ነው። አሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ምራት፣ ቀጥሎ ሌሊቱን ሥራ አድሮ የሚመለስ ጥበቃ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አውቶቡስ መንገድ መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ፣ ይህን የሚያህል ጢም ያለው ሰውዬ፣ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ሙሐራም ኦፓ፣ እዚህ ጋ ነው የወጉኝ፣ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ" እያለ ክንዱን ያሻሻል። ታላቅ እህቱን እንደሚጠራ ነው የሚጠራት። ሙሐራም ወዲያው አወቀችው። ያ እጇን የነከሳት ነው፤ እናቱ እንዴት ናት፣ ስኳሯ ተስተካከለ ወይ፣ ልጆቹን አስከተበ ወይ። ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል፣ አንዱም አልተቆጣም። እንዲያውም ከኋላ አንዲት ሴት "እኔንም ግራ እጄን" ብላ ተነሣች።

ናጅሚዲን ሰዓቱን አየ። ወረቀቱን አየ። ሚስቱን አየ። እንዲህ የሚያውቃት ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር።

ሳማኒ መካነ መቃብር ሲደርሱ ያ የጠዋት ብርሃን ከግድግዳው ላይ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ናጅሚዲን ላብ በላብ ሆኖ፣ እየተቻኮለ፣ ሁለት ደቂቃውን ጀመረ። ጡቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ቀለም የለው፣ ምን የለው፤ አንዱን በቁሙ፣ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን በሰያፍ በማስቀመጥ ብቻ ይህን ሁሉ ጥላ አወጡበት፤ የሠራው ሰው ጌጡን በፀሐይ ነው የሣለው አላት። ሙሐራም እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ጠጋ ብላ ጣቷን ጡቦቹ መሀል አስገባች።

"ይህን እስከ ዛሬ ለምን ነግረውኝ አያውቁም?" አለች።

"ሁለት ደቂቃው አልቋል" አለና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ቦሎ ሐውዝ ሲደርሱ ነፋስ ተነሥቶ አርባዎቹ ምሰሶዎች ወደ ሃያ ተመልሰዋል። ውኃው እስኪረጋ እንቀመጥ ብለው ገና ከመቀመጣቸው አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከእቶን የወጣ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ሦስቱንም ልጆቿን ሙሐራም ናት የከተበችው። የቀረበ ዳቦ ሳይቆረስ አይታለፍም፤ ቆረሱ። ዳቦ ካለ ሻይ አለ፤ ሻይ መጣ። ሻይ ካለ ወሬ አለ። ናጅሚዲን ወረቀቱ ላይ "አርክ፣ አራት ሰዓት" የሚለውን ሰርዞ "አምስት" ጻፈ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱንም ሰረዘው። በሉ ይተዉ፣ ነፍስዎን አያውጡ፣ ምሽጉ ሺህ ዓመት ቆሟል፣ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ምን ይሆናል ትለዋለች ሚስቱ። እሱ ግን ልቡ ተሰቅሏል። ምሽጉማ ይጠብቃል፣ እሑድ ግን አይጠብቅም።

አርክን ከውጭ ከውጭ አሳይቷት፣ ግድግዳው ለምን ያበጠ ሆድ እንደሚመስል አስረድቷት፣ ወደ ካሎን ሚናሬት ሲያቋርጡ ነው የመጨረሻው ዱብ ዕዳ የወረደው። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ከበሮ የሚመታበት ግቢ ነበረ። የሕፃን ድግስ ነው፤ አዲስ የተወለደው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወዛወዘው አልጋው ላይ የሚተኛበት ቀን። ልጁን የምታስተኛው ደግሞ እጇ የተባረከ ነው የሚባልላት ትልቅ ሴት መሆን አለባት። የቤቱ አያት ከደጃፍ ሆና ሙሐራምን ስታይ እልል ብላ እጇን ለቀም አደረገቻት። እምቢ ማለት የማይታሰብ ነገር ነው። ሙሐራም ዞር ብላ ባሏን አየችና በሴቶቹ መሀል ሰምጣ ጠፋች። ወንድ እዚያ አይገባም።

ናጅሚዲን ደጃፍ ላይ ወንበር ተሰጠው። ሥጋና ካሮት የበዛበት ሩዝ በትልቅ ሳህን ቀረበለት። ደሙ ፈልቶ ነበር፤ አልበላም ብሎ ሊያኮርፍ አስቦ ሽታው አሸነፈው። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛውም ሰዓት አለፈ። አጠገቡ የተቀመጠው የሕፃኑ አባት ኦሊም ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው ገራገር ልጅ።

"ኡስቶ፣ ሙሐራም ኦፓ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ዛሬ የለሁም፤ ነግረውዎታል አይደል?" አለው።

ናጅሚዲን ሩዙን ዋጠና ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ አልነገረችውም።

ኦሊም ነገረው። የኩፍኝ ወረርሽኝ የገባበት ክረምት ነበር። እናቱ መርፌ ፈርታ ልጇን ደብቃ በሯን ዘጋች። ሙሐራም ሦስት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር፤ በሩን ካልከፈትሽልኝ እዚሁ እደርቃለሁ እንጂ አልሄድም ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከሰዓት በኋላ ተከፈተላት። ከዚያ ሠፈር በር ሳይከፈትላቸው የቀሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ፀደይን አላዩም።

ናጅሚዲን ያን ክረምት ያስታውሰዋል። ሙሐራም አንድ ቀን ማታ እግሯ ደንዝዞ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ገባች። ምድጃውን አስጠጋላት፣ ካልሲ አመጣላት። የት ነበርሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም። የሩዙን ሳህን ወደ ጎን ገፋው። እፍረት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሙሐራም ጉንጯ በደስታ ቀልቶ፣ ኪሷን በከረሜላ ሞልታ ስትወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። በሉ ተቆጡኝ አለችው ገና ከመድረሷ። አልተቆጣም። ክንዷን ያዘና በዝግታ ወደ ካሎን ወሰዳት።

ሚናሬቱ ሥር ሲደርሱ ብርሃኑ ማር የመሰለ ቢጫ ሆኗል። ቀና ብላ አየችው፤ አንገቷን እስኪያማት አየችው። ከዚያ ናጅሚዲን ወደ መስጊዱ ግድግዳ ጠጋ አደረጋትና እዚህ ጋ እኔ የሠራሁት ጡብ አለ አላት። ጎንበስ ቀና ብላ ፈለገች።

"አላገኘሁትም።"

"ብታገኚው ኖሮ ሥራዬ ተበላሽቷል ማለት ነበር" አለ። እጇን ይዞ ሦስት ጡቦች ላይ አሳረፈው። "የታችኛውን ያስቀመጥኩት ድልራቦ የተወለደች ዕለት ነው። ቶሊብ ከታች ሆኖ ሴት ልጅ ብሎ ሲጮህ ዞር ስል ጡቡ ጠመመ። አውጥቼ እንደገና አስቀመጥኩት። መዶሻዬን የጣልኩት የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወደ ሆስፒታል በሩጫ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ስደርስ አፈርኩና ቀስ ብዬ ገባሁ።"

ስለ መካከለኛው ነገራት። ስለ ላይኛው ነገራት። ሁለት ደቂቃው አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ፣ እሱ ሰዓቱን አላየም። ሙሐራም የጡቡን ብናኝ ከጣቷ ሳታራግፍ ትሰማዋለች። ገና ሦስት ቦታ ይቀራል፣ ፀሐይዋ ደግሞ እየገባች ነው፤ ቾር ሚኖር ዛሬ እንደማይደረስ ገባው። ያቺን ባዶ መስመር ለማን ያቆያታል?

"ታሽከንት መሄድ አልፈልግም" አለ። "አንቺ ከሄድሽ እከተልሻለሁ፣ ብቻዬን ምን ልሠራ። ግን እወቂው፤ እግሬ ነው የሚሄደው፣ ልቤ እዚህ ይቀራል። ዛሬ ያስወጣሁሽም ለዚህ ነው፤ ከተማውን፣ ሰባቱን ቦታ ካየሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው።"

ሙሐራም ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሰው ይፈራል፤ ናጅሚዲንም ፈራ።

"የድልራቦ አባት" አለች በመጨረሻ፣ "እኔ እኮ ከቡኻራ አልነበረም የምሸሸው። ከዚያ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ብቻዬን ነበርኩ። ድልራቦ ዘንድ ሌላው ቢቀር ልጆቹ ይጮሃሉ።"

ናጅሚዲን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንደዚህ ያለ ነገር በሕይወቱ ተነግሮት አያውቅም።

"አላወቅሁም" አለ።

"ካልጠየቁ ከየት ያውቁታል?"

እውነቷን ነው። ዓይኗን ላለማየት አንገቱን ሰብሮ፣ እንደ ምንም ብሎ ጠየቃት።

"ያን ክረምት፣ እግርሽ ደንዝዞ የገባሽበትን ቀን፣ ኦሊም ነገረኝ። እስኪ ከአንቺ ልስማው።"

ሙሐራም አፏን ይዛ አየችው። ከዚያ መስጊዱ ደረጃ ላይ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ ከደጃፉ፣ ከበረዶው፣ ካልተከፈቱት ሁለት በሮችም ጭምር። እዚያ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ናጅሚዲን መሀረቡን ሰጣትና ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለ እስከ መጨረሻው አወጣጣት። የሚያውቋት ሰዎች ከሩቅ ሲያልፉ፣ ሁለቱ የያዙትን ወሬ አይተው ነው መሰለኝ፣ ለዛሬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ብቻ አድርገው አለፉ።

ፀሐይዋ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ስልኳ ጮኸ። ድልራቦ ናት። እሑድ እስኪደርስ አላስቻላትም።

"ባለ ሦስቱን ግዙ" አለቻት ሙሐራም። "እኛ ልንጠይቃችሁ እንመጣለን እንጂ ልንኖር አንመጣም።"

ምነው፣ ሐሳብሽን ምን አስቀየረው አለች ልጅቷ ደንግጣ። አባትሽ ሰባት ቦታ አሳይሻለሁ ብሎ አስወጥቶኝ አራቱን ብቻ አሳየኝ፣ ሦስት ይቀረናል አለቻት። ድልራቦ ሳቀች፤ እሱን ነገ ጨርሱትና ኑ፣ ሦስት ቦታ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላ ጠየቀች። ሙሐራም ልትመልስ አፏን ስትከፍት ናጅሚዲን እጁን ዘረጋና ስልኩን ከእጇ ወሰደው። ስልክ ሲሰጡት "ደህና ነኝ፣ ቀሪውን እናትሽ ትንገርሽ" ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር።

"ልጄ" አለ፣ "ከእናትሽ ጋር በእግር ከሆነ፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ አሥር ዓመት ይፈጅብናል። እኔ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋት ብዙ ነገር አለ። እሷም ያልሰማችው የእኔ ወሬ አለ። ሦስቱን ቦታ ቶሎ መጨረስ አልፈልግም።"

ድልራቦ ከወዲያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጠበቀች። አባቷ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር፤ እንዲቀጥል ብላ ጠበቀችው።